ማቴዎስ የፈረመበት ሦስተኛ ገጽ

ማቴዎስ ኮቺቶ መሞቱን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለችልኝ የወንድሙ ሚስት ናት። «እትዬ ይርገዱ፣ ማቴዎስ አረፈ። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው» አለችና ዘጋች። ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ከበስተጀርባዋ ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ፤ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ሆና ነው የደወለችው ማለት ነው። ያ መንደር ቀደም ሲል ሰው ሲሞትበት ለሩቅ ዘመድ መልእክተኛ በእግር ይልክ ነበር። እስከ ደጃፏ ድረስ ስልኩን ያደረሰላት ሟቹ ነው። ይህን እሷ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ከሚዛን በባጃጅ ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። የስልክ ጽሕፈት ቤቱ የቀድሞ ኃላፊያችንም ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ሳየው ፀጉሩ ሸብቷል እንጂ አቋሙ ያው ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ እሱ እንዲያይ አድርጎ ይቆማል። የሟች የሕይወት ታሪክ ከተነበበ በኋላ «እኔም አንድ ቃል ልበል» ብሎ ወጣ።

«የዚህን አካባቢ ኔትወርክ ኃይል ቆጣቢ ያደረግነው ከማቴዎስ ጋር ሆነን ነው» አለ። «እኔ ሐሳቡን ሳመነጭ እሱ በታማኝነት ይተገብር ነበር።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንዳንዱ አለቀሰ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ቀብር ላይ ሰው አይዋረድም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ወረቀት አወጣሁ።

በሚዛን የስልክ ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመታት ጸሐፊ ነበርኩ። ሹመት፣ ዝውውር፣ ማስጠንቀቂያ፣ ሪፖርት፣ የተጻፈ ሁሉ በእኔ እጅ አልፏል። ስለዚህ የምናገረውን በወሬ አይደለም የማውቀው። የኃላፊውን ስም አልጽፍም። ምክንያቱ ኋላ ላይ ይገባችኋል። አንቱም አልለውም።

ማቴዎስ ወደ ቢሯችን የመጣው በቴክኒሺያንነት ነው። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ልጅ እግር ሰው ነበር። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የለመደው፤ ቃሉን እየመረጠ በዝግታ ይናገራል። አንድ ጠባይ ነበረው። ሰው ሲጮህበት እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የጮኸው ሰው ለመስማት ሲል ጎንበስ ይላል። ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ መጮህ አይመቸውም። ስንቱን ባለጉዳይ እንዲህ አድርጎ ሲያበርድ አይቻለሁ።

በኪሱ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ትንሽ ደብተርና ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ። ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲባጎውን ወደ ታች ለቆ አንቴናው ምን ያህል እንዳዘነበለ ይለካበታል።

«ለምን በደንብ የሚለካ መሣሪያ አትጠይቅም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጠይቄያለሁ፤ ደብዳቤውን የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። «እስኪመጣ ድንጋዩም ወደ ላይ አይወድቅም።»

መጀመሪያ ያነጋገረኝ ቀን ሰላምታውን ሳይጨርስ «እትዬ፣ ቤትዎ ሆነው ሲደውሉ የት ይቆማሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን አገባህ?»

«የሥራ ጥያቄ ነው።»

«ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር።»

«ከአቮካዶው በስተቀኝ ነው በስተግራ?»

በስተግራ ነው አልኩት። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚጠይቅ አየሁ። የቡና ለቃሚዋን፣ የባጃጅ ነጂውን፣ ማር ይዞ ገበያ የመጣውን ሽማግሌ። የሚጠይቀው «ኔትወርክ አለ ወይ» ብሎ አይደለም። «የት ትቆማለህ? ፊትህን ወዴት ታዞራለህ?» ነው። ሰው ደግሞ ያውቃል። አንዱ ከአጥሩ በር ላይ፣ አንዷ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሌላው ዛፍ ላይ ወጥቶ። የማቴዎስ ደብተር በሰው መቆሚያ የተሞላ ነበር።

አሁን የምናገርለት መንደር ከሸንተረሩ ጀርባ ያለው ነው፤ ማቴዎስ የተወለደበት። ምሰሶው የቆመው በሸንተረሩ አናት ላይ ነው። መንደሩ ቁልቁል ይታያል፣ ኔትወርክ ግን የለውም። ለመደወል መንደሩ ጫፍ ላይ ካለ ትልቅ ኩይሳ ላይ መውጣት ግድ ነበር። ከመውጣት ብዛት ኩይሳው ደረጃ አውጥቷል። ሴቶቹ «ኔትወርክ ልወጣ ነው» ይላሉ፣ ወንዝ ልወርድ ነው እንደሚባለው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ምሰሶው ሲተከል ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ባለሙያዎች የለኩት በመኪና ነበር። ከሚዛን እስከ ቴፒ አስፋልቱን ይዘው እየነዱ ለኩ። መሣሪያቸው መንገዱ ላይ ያለውን ጉድለት ነገራቸው፤ አንቴናዎቹም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። መንገዱ ላይ ማን አለ? የሚያልፍ መኪና። ቀሪው ድምፅ ቡና ጫካው ላይ ተበትኖ ይቀራል። በክረምት ደግሞ ቅጠል ውኃ ሲሸከም ድምፁን ይበላዋል። ባለሙያዎቹ ስልክ ተደውሎላቸው «ኃይል ጨምሩ» አሉ። ተጨመረ። ኃይል ሲጨመር ጄኔሬተሩ ናፍጣውን ቶሎ ይጨርሳል። በዝናቡ ጊዜ ወደ ሸንተረሩ መኪና አይወጣም፤ ወጣቶች ናፍጣውን በጀሪካን ተሸክመው ጭቃውን ይወጡታል። ጭቃው ሲብስ እነሱም ይቀራሉ። ያኔ ምሰሶው ድርግም ይላል፤ ሰማዩ እስኪከፍት ኩይሳው ላይ መውጣትም ፋይዳ የለውም።

ማቴዎስ የፈለገው ይህን ማስተካከል ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገም። ሹመት ጠይቆ አያውቅም፤ የሹመት ማመልከቻ ሁሉ በእኔ በኩል ስለሚያልፍ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ኃላፊው የአቤቱታ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ጠራው። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ የለም። እነዚህ ሰዎች ሌላ ቋንቋ የላቸውም እንዴ? ኃይሉን እስከ መጨረሻው ክፈተው።»

«እስከ መጨረሻው ከፍተነዋል» አለ ማቴዎስ።

«እና?»

«ችግሩ እሱ ነው። የእኛና የጎረቤታችን የአማን ከተማ ምሰሶ የተሰጣቸው አንድ ሞገድ ነው። ሁለቱም ሲጮሁ መሐል ያለው ሰው አንዱንም አይሰማም። ዝቅ እናድርጋቸው፤ ፊታቸውንም ሰው ወዳለበት እናዙረው። ሰው በሚተኛበት ሰዓት ደግሞ ከማስተላለፊያ መሣሪያዎቹ አንዱን ብቻ አስቀርተን ሌላውን እናስተኛው። ናፍጣው ዝናቡን ይሻገራል።»

«ሰው ኔትወርክ የለም እያለ ሲጮህ አንተ ቀንስ ትለኛለህ?»

«አዎ።»

«ይህን የት ነው የተማርከው?»

«ትምህርት ቤትም ይሰጣል። በፊት ግን ከአባቴ ነው።»

«አባትህ መሐንዲስ ነበሩ?»

«የዕድር ጥሩንባ ነፊ ነበር።»

ኃላፊው ሳቀ። ሳቁን ቢሮው ሁሉ እንዲሰማለት ወደ በሩ ዞሮ ሳቀ። «ስሙልኝ» አለ፤ «እኔ ቴክኒሺያን ላኩልኝ ብዬ የጥሩንባ ነፊ ልጅ ላኩልኝ።»

ማቴዎስ አንድ ነገር አለ፤ ዝቅ ስላለ አልተሰማም። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ «ምን አልክ?» አለው።

«አባቴ ጥሩንባውን ሰው ወደሌለበት አዙሮ ነፍቶ አያውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊው በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ያን ጥሩንባ ጥሪልኝ» ይለኝ ነበር። እኔም እሄድና «ማቴዎስ፣ ትፈለጋለህ» እላለሁ።

ስለ አባቱ ራሱ ነግሮኛል። በሸንተረሩ አናት ላይ፣ ዛሬ ምሰሶው ባለበት ቦታ፣ አባቱ ሰው ሲሞት ወጥቶ ይነፋ ነበር። ዙሪያውን አይነፋም። ለእያንዳንዱ መንደር የራሱ መቆሚያ ድንጋይ አለው፤ እዚያ ቆሞ ፊቱን ወደ መንደሩ ያዞርና ይነፋል። ቅጠል ሲረጥብ ወደ ታችኛው ድንጋይ ይወርዳል እንጂ ትንፋሽ አይጨምርም። ከማዶ ባለው ኮረብታ የሌላ ዕድር ነፊ አለ። ጥሩንባቸው አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም በኃይል ከነፉ ሸለቆው ውስጥ ያለው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሞተበት አያውቅም፤ የማይሆን ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ ነፊዎች ተነጋግረው እያንዳንዳቸው ድምፃቸው ከራሳቸው መንደር እንዳያልፍ ለክተው ይነፉ ነበር።

«እና እትዬ» አለኝ፤ «አንድ ጥሩንባ ለሁለት ዕድር በቃ። ሞገዱም እንዲሁ ነው። ከተሰጠን ሌላ አይሰጡንም። ዝቅ ካልን ግን ለሁላችንም ይበቃል።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ። ስለ ሞገድ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ኃላፊው ለሥልጠና አንድ ወር ወጣ። ማቴዎስ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅ እንደማይፈቀድለት ያውቃል። ሲባጎውን ይዞ ምሰሶው ላይ ወጣ። ከአንቴናዎቹ አንዱን ከመንገዱ አንስቶ ወደ ጀርባው መንደር አዞረ፣ ወደ ታች አዘነበለው፣ ኃይሉን ቀነሰ። የአማኑንም እንዲሁ። ወጣቱን ሁሉ ኩይሳውና ወፍጮ ቤቱ ጋ እያቆመ ስልክ ያስደውላል፤ ወርዶ ደብተሩን ያያል፣ እንደገና ይወጣል። በመጨረሻ የእንቅልፉን ሰዓት አስገባ። ማታ ለእኔ ሲነግረኝ እንደ ቀልድ ነበር። «ማሽኑ እኮ የእኛን ሰዓት አያውቅም እትዬ። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፣ እንደ ፈረንጅ። እኔ ደብተሬ ላይ በእኛ እጽፋለሁ፣ ለእሱ እየተረጎምኩ እሰጠዋለሁ።»

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

ያን ወር ናፍጣ ወደ ሸንተረሩ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በፊት በየሳምንቱ ይወጣ ነበር። የአቤቱታ መዝገቡ ላይ የምጽፈው አጣሁ። ከጀርባው መንደር አንዲት ሴትዮ ሙዝ ይዛልኝ መጣችና «ያ ረጅሙ ልጅ አለ? ከጓዳዬ ደወልኩ በሉልኝ» አለችኝ።

ኃላፊው ተመልሶ ሁሉንም ሰማ። በማግስቱ ጠዋት ጠራኝና ደብዳቤ አስጻፈኝ፤ ማቴዎስ ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት ስለነካ ወደ ሩቋ ቱም ከተማ ተዛውሮ በዕቃ ግምጃ ቤት እንዲሠራ የሚል። ጻፍኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጠራኝ። እጁ ላይ የማቴዎስ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ሦስት ገጽ። ማቴዎስ ሥራውን ሁሉ ጽፎ ያስረከበው ሪፖርት ነው። አንደኛው ገጽ አንቴናዎቹ እንዴት እንደዞሩ ይናገራል። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ምሰሶ የእንቅልፍ ሰዓት ሠንጠረዥ ነው፤ ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ይላል። ሦስተኛው ላይ ጥቂት መስመሮችና የእሱ ስም ከነፊርማው አለ።

«ይህን አሳምረሽ ጻፊ። ከላይ የእኔ ስም ይሁን» አለ። ሦስተኛውን ገጽ ሳያነበው ገንጥሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። «ይኼኛው አያስፈልግም። ስም ብቻ ነው።»

ቅርጫቱ የሚደፋው በእኔ እጅ ነው። ገጹን አውጥቼ አነበብኩት። ስም ብቻ አልነበረም። ከስሙ በላይ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ተጽፏል። ይህ ሳይነገር ከቀረ፣ ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር፣ ምሰሶዎቹ የሚተኙት ሌሊት ሳይሆን ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ በሚነቃበት፣ ገበያ በሚወጣበት ሰዓት። ተነሥቼ በሩን አንኳኩቼ «ሰዓቱ በእኛ ነው» ለማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ገጾች ጻፍኩ። ፊደል አላጓደልኩም። አምስት ያለውን አምስት፣ አሥራ አንድ ያለውን አሥራ አንድ አልኩ። ወስጄ ሰጠሁት።

«ሁሉም አለበት?» አለኝ።

«ያዘዙኝ ሁሉ አለበት።»

«ጎበዝ።»

ሦስተኛውን ገጽ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ማቴዎስ ወደ ቱም ሲሄድ ልሰናበተው መኪና ተራ ወጣሁ። አንድ ሻንጣና ሲባጎው ብቻ ነበር የያዘው። «ሊያዋርዱህ ብለው ነው» አልኩት።

«ዕቃ ቤትም ሰው ይሠራበታል» አለኝ። «ብቻ እትዬ፣ የጀርባውን አንቴና እንዳይመልሱት ይዩልኝ። ቢመልሱት ይደውሉልኝ።»

«በዚህ ነው የምታስበው?»

«በሌላ በምን ላስብ?»

ሪፖርቱ ተወደደ። ዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ልኮ ሊያይ ፈለገ። ኃላፊው ቢሮውን ቀለም አስቀባ። እንግዶቹ ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ አሠራሩን በሚዛንና በዙሪያው ባሉ ምሰሶዎች ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ አስገቡ ብሎ አዘዘ። አዲሱ ቴክኒሺያን ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ነው። የተሰጠውን ወረቀት እንደተጻፈው አስገባ። እሱን ማንም አልወቀሰውም፤ እኔም አልወቅሰውም።

የገበያ ቀን ነበር። እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ትልቁ ሸምገል ያለ ጨዋ ሰው። ኃላፊው በረንዳው ላይ ቆሞ ሲያስረዳ እኔ ውኃ አቀርብ ነበር። ከበረንዳው ገበያው ይታያል። ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ይዞራል። አንዱ ጨው ሻጭ ጓደኛውን «ስልክህን ብታራግፈው ይሻላል፣ ምናልባት ጨው ውስጡ ገብቶ ይሆናል» ሲለው ሰማሁ።

«እስቲ አማን ላለው ባልደረባችሁ ደውልና እንነጋገር» አለ ሸምገል ያለው እንግዳ።

ኃላፊው ደወለ። መስመሩ ተይዟል። ደገመ። ተይዟል። ከመሣሪያዎቹ የነቃው አንዱ ብቻ ነው፣ ያም የገበያውን ሰው ሁሉ ተሸክሞ ተጨናንቋል። እንግዳው የራሱን ስልክ አወጣና ሞከረ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ናፍጣውን ቆጥባችኋል፤ ስልኩንም አብራችሁ ቆጠባችሁት እንዴ?» አለ። ሁለቱ ጓደኞቹ ሳቁ። በኃላፊው ግንባር ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ይህን በጽሑፍ ማስቀመጥ ደስ ይለኛል።

«ይርገዱ» ብሎ ጮኸ። «ማቴዎስ የጻፈውን አምጪ።»

ከስንት ወር በኋላ በስሙ ጠራው። ከእንግዶቹ ፊት፣ በራሱ አፍ።

የውኃውን ትሪ አስቀመጥኩ። «ጌታዬ፣ ሪፖርቱ ላይ ማቴዎስ የሚባል ሰው የለም» አልኩ። እንደ ማቴዎስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት። ሦስቱም እንግዶች ጎንበስ አሉ። ደገምኩላቸው።

«ማቴዎስ ማነው?» አለ ሽማግሌው።

እኔ መለስኩ። በሽቦ የሚሠራውን መደበኛ ስልክ አንሥቼ ቱም ያለው ዕቃ ቤት ደወልኩ፤ እንግዳው ተቀበለኝና ራሱ አነጋገረው። ንግግሩ አጭር ነበር። ረፋዱ ላይ ሰዓቱ ተስተካከለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማቴዎስ ወደ ሚዛን ተመለሰ። ኃላፊው ከዚህ ተነሣ፤ ሌላ ከተማ ሌላ ወንበር ሰጡት። እንዲህ ያለ ሰው ወንበር አያጣም። እኔ ግን ያን በረንዳ አየሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ማቴዎስ ግን የማይረሳኝ በሚቀጥለው ነገር ነው።

የተመለሰ ቀን ደስ ብሎኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ገጹን ከቅርጫት እንዳወጣሁት፣ እንዳነበብኩት፣ ዝም እንዳልኩ። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ደብተሩን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው።

«ያን ጠዋት ማን ደወለ?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሊደውል ፈልጎ ያልቻለ ማን ነው?»

አላውቅም አልኩት። ሳይሰናበተኝ ወጣ። ሦስት ቀን ቢሮ አልመጣም። መንደር ለመንደር እየዞረ ሲጠይቅ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን መጥቶ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ልቀመጥ እንኳ አላለም፤ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ተነሣሁ።

«ወይዘሮ ወርቄ» አለ። «ሙዝ ያመጡልዎት ሴትዮ። ባላቸው የሞቱት ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ነው። ልጃቸው ያለው ማሻ ከተማ ነው። ከጓዳ ሞከሩ፣ ከደጃፍ ሞከሩ፤ መስመሩ ተይዟል። በመጨረሻ ኩይሳው ላይ ወጡ። እስከ አምስት ሰዓት እዚያው ቆመው ነበር። ልጁ ሲደርስ አባቱ ተቀብሯል።»

ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ኃላፊውን ሊያዋርዱልኝ ብለው ነው» አለኝ። «አውቃለሁ። ለእኔ ብለው ነው። ግን እትዬ፣ እሱ በረንዳ ላይ ነበር። ኩይሳው ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው።»

ይህን ሲል ድምፁ ከመቼውም በላይ ዝቅ ያለ ነበር። ጎንበስ ብዬ ነው የሰማሁት።

ወይዘሮ ወርቄ ቤት ሄጃለሁ። እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። በሩን ገፋ አድርገው «ግቢ፣ ዝናብ ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ በእኔና በእሳቸው መካከል ያለ ነው።

ማቴዎስ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣብኝም። በየዓመቱ ቡናው ሲቀላ ሲባጎውን ይዞ ይወጣ ነበር። ለኃላፊውም ቂም አልያዘበትም። ሰውየው ከተዛወረበት ከተማ ሲደውልለትና ሲያማክረው ሰምቻለሁ፤ ማቴዎስም ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል። «እንዴት ታናግረዋለህ?» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። «እዚያም ምሰሶ አለ፤ ሥሩ ሰው አለ» ነበር መልሱ።

እኔ ማቴዎስ አይደለሁም። የወይዘሮ ወርቄን ጠዋት በራሴ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ለማንም አላካፍለውም። የቀረው ግን የዚያ ሰው ነው፤ «ጥሩንባ» ያለበት አፍ፣ ገጹን የገነጠለ እጅ፣ ቀብሩ ላይ «እኔ ሐሳቡን ሳመነጭ» ያለበት ምላስ። ይህን ይዤ አርጅቻለሁ፣ አልከበደኝም።

ከቀብሩ ስንመለስ ኃላፊው መንገድ ላይ ደረሰብኝ። የሚጠብቀው መኪና ነበረው።

«ይርገዱ፣ አስታወስሽኝ?»

«አዎ።»

«አንቺ ደህና ትጽፊ ነበር። ስለ ማቴዎስ አንድ ነገር ጻፊለት፣ ይገባዋል። በዚያውም» ብሎ ፈገግ አለ፣ «የእኔን ስም እንዳትረሺ።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩት።

ስሙን አልረሳሁትም። እሱ እንዳስተማረኝ አድርጌ ተውኩት እንጂ። ሦስተኛው ገጽ አሁን አጠገቤ ነው፤ ጠርዙ ላይ የተገነጠለበት ይታያል። ያን ቀን ያልጻፍኩትን ዛሬ እጽፈዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ማስታወሻ። ከላይ ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የሌሊት ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ላይ ከመግባቱ በፊት ይለወጥ። በቀይ ቡና ለቀማ ጊዜ ለቃሚው ቤቱ የሚገባው አምሽቶ ስለሆነ እንቅልፉ በአንድ ሰዓት ይዘግይ። አንዱ መሣሪያ ግን በምንም ምክንያት አይተኛ፤ ሰው የሚሞትበት ሰዓት አይታወቅም።

ማቴዎስ ኮቺቶ፣ ቴክኒሺያን።»